የሙታኑ ስፍራ ሲነገር፦ ስለ ሩዋንዳ የመታሰቢያና የመታደስ ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣

በአማርኛ “እርም ማውጣት” የምንለው ነገር አለ። ሰው ሞቶበት አስከሬኑን ያላየ፣ አፈር ያላለበሰ፣ ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰው “እርሙን አላወጣም” ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ዓመታት ቢያልፉም ሐዘኑ አይቋጭለትም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል፣ የሞተውን ሰው “ነበር” ብሎ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም። ልጁ በሩቅ አገር ወይም በጦር ሜዳ የቀረበት ቤተሰብ መርዶ ሲደርሰው ልብሱን ዘርግቶ፣ ፎቶግራፉን አቁሞ የሚያለቅሰው ስለዚህ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህ የአንድ ቤት ሐዘን የአንድ ሀገር ሕዝብ ሐዘን ሲሆን ምን እንደሚመስል ነው። ሀገሪቱ ሩዋንዳ ናት፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29፣ በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 7 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዋንዳውያን የ1994ቱን የዘር ማጥፋት እልቂት የሚያስቡበትን ይህን ቀን “ክዊቡካ” ይሉታል፤ በቋንቋቸው ማስታወስ ማለት ነው። ከእርሱ ጎን “ትዊዩባካ” የሚል ሌላ ቃል ይቆማል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ “እያስታወስን ራሳችንን እንገንባ” እንደ ማለት ይሆናሉ። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሊወስዳቸው ይችላል፤ ማስታወሱ ለሙታን፣ መታነጹ ደግሞ ለሕያዋን የተመደበ ይመስለዋል። እኔ የሩዋንዳን የሠላሳ ዓመታት መንገድ ስከታተል የደረስኩበት ግንዛቤ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው። መታደሱ የጀመረው በሕንፃና በመንገድ አልነበረም፤ የገደለው ሰው ከሞት ለተረፈው ሰው “እናትህን የጣልናት እዚያ ነው” ብሎ ስፍራውን በጣቱ ያሳየ ዕለት ነበር።

የሆነውን በአጭሩ ላስታውስ። ኤፕሪል 6 ቀን 1994 ምሽት የሩዋንዳውን ፕሬዚዳንት ዡቬናል ሀቢያሪማናንና የቡሩንዲውን ፕሬዚዳንት ሲፕሪያን ንታሪያሚራን የያዘው አውሮፕላን ኪጋሊ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ። በዚያው ሌሊት በከተማዋ ኬላዎች ተተከሉ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ወይዘሮ አጋት ኡዊሊንጊይማና ተገደሉ፣ እንዲጠብቋቸው የተላኩት 10 የቤልጂየም ሰላም አስከባሪዎችም እንዲሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ እንደ ገዳዮቹ ሁቱ ነበሩ፤ ሁቱ የሀገሪቱ ብዙኃን፣ ቱትሲ ደግሞ አናሳው ወገን ነው። ይህን የማነሣው ገዳዮቹ ቱትሲን ለማጥፋት በተነሡበት ሰዓት “ተዉ” ሊሉ የሚችሉ ሁቱዎችን አስቀድመው ማስወገዳቸው እንዳይዘነጋ ነው። በ100 ቀናት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ800,000 በላይ፣ የሩዋንዳ መንግሥት ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚለው ሕዝብ አለቀ። ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙት ቱትሲዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሞቱት በገጀራና በዱላ፣ በሚያውቋቸው ሰዎች እጅ ነው።

የቤልጂየም ቅኝ አስተዳደር በ1930ዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል መታወቂያ አድሎ ነበር። አንድ ቋንቋ በሚናገሩ፣ አንድ ኮረብታ ላይ በሚኖሩ፣ በጋብቻ በተሳሰሩ ሰዎች መካከል የነበረውን ልዩነት ወረቀቱ የማይሻገሩት አጥር አደረገው፤ ከነጻነት በኋላ የመጡት መንግሥታትም ወረቀቱን አላስቀሩትም። በ1994 በየኬላው “አምጣ” ይባል የነበረው ያ ወረቀት ነው። መታወቂያ ላይ የብሔር ሳጥን ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልግባ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በቂ ትኩረት አልሰጠነውም ብዬ የማምነው ጉዳይ ነው። በዚህ እልቂት ውስጥ የሀገራችን ስም አለበት። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስፔክ በ1863 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የታላላቆቹን ሐይቆች አካባቢ ነገሥታትና ከብት አርቢዎች አይቶ፣ አፍሪካዊ ሕዝብ በራሱ እንዲህ ያለ መንግሥት ሊያቆም አይችልም ከሚል ንቀት ተነሥቶ፣ እነዚህ ሰዎች ከአቢሲኒያ የመጡ መሆን አለባቸው የሚል ግምት ጻፈ። ግምቱ በሚሲዮናውያንና በቅኝ ገዢዎች እጅ ትምህርት ሆነ፤ ቱትሲው የተሻለ ዘር ነው ተብሎ ተሾመበት። ዘመኑ ተለውጦ ሥልጣኑ በሁቱዎች እጅ ሲገባ ያው ግምት ተገልብጦ ወደ ክስ ተለወጠ፤ ቱትሲው ከኢትዮጵያ የመጣ ባዕድ ነውና ይውጣ ተባለ። በኖቬምበር 22 ቀን 1992 ሌዮን ሙጌሴራ የሚባል የገዢው ፓርቲ ሰው ካባያ በተባለ ስፍራ ለተሰበሰበ ሕዝብ ባደረገው ንግግር፣ የቱትሲዎች ሀገር ኢትዮጵያ መሆኗን፣ ቶሎ እንዲደርሱም በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል እንደሚላኩ ተናገረ። ይህ ሰው ወደ ካናዳ ሸሽቶ ብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ2012 ለሩዋንዳ ተላልፎ ተሰጥቷል፤ በ2016ም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል።

ንግግሩ በተደረገ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የተባለው ተፈጸመ። ኒያባሮንጎ ከነጭ አባይ የላይኛው ምንጮች አንዱ ነው፤ ወደ አካጌራ ይገባል፣ አካጌራም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ። በዚያ ዓመት ሬሳ ተሸክሞ ወረደ። በዑጋንዳ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ሐይቁ የተፋቸውን የማያውቋቸውን ሰዎች ለቅመው ቀበሩ። እነዚህ ሙታን ወደ እኛ ሀገር “ይላኩ” የተባሉ ሰዎች ነበሩ። አንድም ቀን ኢትዮጵያን አላዩም፤ አያቶቻቸውም አላዩዋትም። እኔ ኒያባሮንጎ የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር የሀገሬ ስም የነፍስ ማጥፊያ ሰበብ የሆነበትን ያን ንግግር አስባለሁ፤ በየዓመቱ መጋቢት 29 በእኛም ቤት ሊታሰብ ይገባዋል የምለው ከምንም በላይ ስለዚህ ነው።

በወንዝ የተወሰደ ሰው መቃብር የለውም። በመታሰቢያው ወራት የተረፉ ዘመዶች ወደ ወንዞቹና ወደ ሐይቆቹ ዳር ወርደው አበባ በውኃው ላይ ይጥላሉ። እርም የሚወጣበት አፈር የታጣለት ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው።

ኦፊሴላዊው ሥርዓት ራሱ በጥቂት ቃላት የሚነገር ነው። ኤፕሪል 7 ጠዋት ከ250,000 በላይ ሰዎች በጋራ በተቀበሩበት በኪጋሊው የጊሶዚ መታሰቢያ እሳት ይለኮሳል፤ “ኡሩሙሪ ሩታዚማ”፣ የማይጠፋ ብርሃን ይሉታል፣ እልቂቱ የፈጀውን ያህል 100 ቀን ይነዳል። የመጀመሪያው ሳምንት “ኢቹናሞ” ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይላል፣ ሠርግና ጭፈራ፣ የስፖርት ውድድርም ይቆማል። ሳምንቱ ኤፕሪል 13 ሬቤሮ በሚባለው ኮረብታ ላይ የተገደሉ ፖለቲከኞች ሲታሰቡ ይዘጋል።

ሥርዓቱን ከባድ የሚያደርገው ግን ፕሮግራሙ አይደለም፤ በየመንደሩ ከሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ “እኔ ያየሁት ይህ ነው” ብሎ የሚናገርበት ሰዓት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላዋ ትጮኻለች፤ አንዷ ትወድቃለች፤ አንዱ ገዳዮቹ ዛሬም ከኋላው የመጡ መስሎት ይሮጣል። ሩዋንዳውያን ይህን ሁኔታ “ኢሃሃሙካ” ይሉታል፤ በድንጋጤ ትንፋሽ ማጣትን የሚገልጽ ቃል ነው። ስለዚህ በየመሰብሰቢያው የሠለጠኑ ሰዎች ተመድበው የወደቀውን አንሥተው፣ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ወስደው፣ ውኃ አጠጥተው፣ “ዓመቱ ይህ ነው፣ ያለኸው እዚህ ነው” እያሉ ያረጋጉታል። ማስታወስ ጉዳት እንደሚያደርስ አስቀድሞ አውቆ፣ ለጉዳቱ ሰው አዘጋጅቶ ማስታወስ ምን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከእኛም መካከል ለሕዝብ መታሰቢያ የሚያዘጋጅ ሰው ካለ፣ ከአበባ ጉንጉኑና ከንግግሩ በፊት ይህንን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ከኪጋሊ ወደ ደቡብ ኒያማታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ቀደም ባሉት ዓመታት ግርግር ሲነሣ ወደዚያ የሸሸ ሰው ይድን ስለ ነበር፣ በ1994ም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ገባ፤ በዚያው አለቀ። ዛሬ ቅዳሴ አይደረግበትም። ወንበሮቹ ላይ የተደረደረው የሟቾቹ ልብስ ነው፤ ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ የሕፃን ሹራብ፣ ሁሉም የአፈር ቀለም ይዟል። ቤተ ክርስቲያን መማጸኛ ነው እየተባለ ላደገ እንደኛ ላለ ሰው ያን ስፍራ ማሰብ እንኳ ከባድ ነው። ኒያማታ፣ ሙራምቢ፣ ጊሶዚና ቢሴሴሮ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። በኒያማታ የሞቱት የት እንደሞቱ ይታወቃል። የብዙዎቹ ግን አይታወቅም ነበር፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ የተጣለ፣ በሙዝ እርሻ ውስጥ የተቀበረ፣ በወንዝ የሄደ አለ። የት እንዳለ የሚያውቀው የጣለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ጎረቤት ነው፤ በየቀኑ በመንገድ ሰላምታ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ሁኔታ የሚደረግ መታሰቢያ፣ የሚያውቀው ሰው ዝም ካለ፣ ምን ሊሆን ይችላል?

ጋቻቻ የሚባለው ሸንጎ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስሙን ያገኘው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ከሚያዩበት ሣር ነው፤ ድሮ የከብትና የድንበር ጠብ ይዳኝበት ነበር። ከእልቂቱ በኋላ ከ100,000 በላይ እስረኞች እስር ቤቶቹን ሞልተው ሳለ፣ ዳኞቹ አብዛኞቹ ሞተው ወይም ተሰደው ስለ ነበር፣ ጉዳዩ በመደበኛ ፍርድ ቤት ብቻ ይታይ ቢባል ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከ2002 ጀምሮ በሙከራ፣ ከ2005 ጀምሮ በመላው ሀገሪቱ፣ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሸንጎዎችን አቋቋመ፤ ሕዝቡ ወደ 250,000 የሚጠጉ ዳኞችን ከመካከሉ መረጠ፤ በጁን 2012 ሥራው ሲዘጋ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ ታይቶ ነበር። የኛን ሽምግልና የሚያውቅ ሰው መልኩን ሊያውቀው ይችላል፤ ሆኖም ጋቻቻ ለእርቅ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም፣ የረጅም ዓመት እስራትም ይፈርድ ነበር።

በሕጉ ውስጥ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው አንድ ድንጋጌ አለ። ጥፋቱን ያመነ ሰው ቅጣቱ ይቀነስለታል፤ ማመኑ ሙሉ ነው የሚባለው ግን የሠራውን፣ አብረውት የነበሩትን፣ እንዲሁም ሬሳው የት እንዳለ ሲናገር ነው። ከዚህ የተነሣ በየኮረብታው ሰዎች እየመሩ፣ ሌሎች አካፋና ዶማ ይዘው እየተከተሉ፣ አጽም እየወጣ ታጥቦ በክብር ተቀበረ። ከልጇ ልብስ የአንድ ቁራጭ ቀለም አይታ “የኔ ነው” ያለች እናት እርሟን አወጣች። ገዳዩ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል እያልኩ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተናገሩት እስሩ እንዲያጥርላቸው መሆኑን የተረፉት ራሳቸው ይናገራሉ። ነገር ግን በማንኛውም ምክንያት ይነገር፣ ቦታው ከተነገረ በኋላ በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል የነበረው ነገር እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ቢያንስ አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ሞት በመካከላቸው አይቆምም።

ጋቻቻ ጉድለት ነበረበት። ተከሳሽ ጠበቃ አልነበረውም፤ ምስክሮች ይፈሩ ነበር፣ ከመመስከራቸው የተነሣ የተገደሉም አሉ፤ በቂም የተከሰሱ ነበሩ። ከሁሉም በላይ በመንግሥቱና አብዛኛው አባሉ ቱትሲ በሆነው አማፂ ኃይል፣ በሩዋንዳ አርበኞች ግንባር፣ መካከል በነበረው ጦርነት ወቅትና ከዚያ በኋላ የድል አድራጊው ግንባር ወታደሮች የገደሏቸው ሲቪል ሰዎች ጉዳይ በዚያ ሸንጎ አልታየም። የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች እነዚህን ግድያዎች መዝግበዋል። ይህን ስል ሁለቱን እኩል ማድረጌ አይደለም፤ አንድን ሕዝብ ከምድር ለማጥፋት የታቀደ እልቂትን ከሌላ ወንጀል ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የተረፉትን ዳግም መበደል ነው፣ እልቂቱን ለመካድም በር ከፋች ነው። ሆኖም ሐሳቤ ሙታን የት እንዳሉ መነገር አለበት የሚል ከሆነ፣ አባቱ በእነዚያ ወታደሮች እጅ የሞተበት የሁቱ ልጅም እርሙን የሚያወጣበት ስፍራ ያስፈልገዋል ከማለት ወደኋላ ማለት አልችልም። የዘር ማጥፋት ርዕዮትን የሚከለክለው የ2008 ሕግም፣ በ2018 ቢሻሻልም፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማፈን ውሏል የሚል ወቀሳ ይቀርብበታል፤ ወቀሳው በቅንነት ሊሰማ ይገባዋል።

ዝምታ ዛሬም አላበቃም። በ2018 ከኪጋሊ ወጣ ብሎ ካቡጋ በተባለ ስፍራ፣ ሰዎች ለዓመታት በኖሩባቸው ቤቶች ሥር፣ በሺዎች የሚቆጠር አጽም የያዙ ጉድጓዶች ተገኙ። በ2023 መጨረሻ በሁዬ ለግንባታ ሲቆፈር የጥቂት ሰዎች አጽም ወጣ፤ ቁፋሮው ሲቀጥል ቁጥሩ ወደ መቶዎች አደገ። ሬሳውን በእነዚያ ጉድጓዶች የጣሉ ሰዎች ሃያ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ መታሰቢያዎች ሲከበሩ ምናልባት በሕዝቡ መካከል ቆመው ነበር። የተረፉት ሰዎች ከሁሉም የሚያማቸው ይህ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል።

ሁሉም ግን ዝም አላለም፣ ሁሉም አልገደለም። ዙራ ካሩሂምቢ የተባሉ አረጋዊት ባህላዊ ሐኪም ነበሩ፤ ሁለት ክፍል ባላት ጎጆአቸው ከ100 በላይ ሰዎችን ደበቁ። ገዳዮቹ በር ላይ ሲደርሱ አምባራቸውን እያንቋቁ፣ ቆዳ የሚያሳክክ ቅጠል እያሹ፣ “ብትገቡ መናፍስቱ ይቆጡባችኋል” ይሏቸው ነበር፤ ሰዎቹ ፈርተው ተመለሱ። በዲሴምበር 2018 አረፉ። የሴኔጋሉ ሻምበል ምባዬ ዲያኝ፣ መሣሪያ ያልያዘ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢ፣ በየኬላው እየተለማመጠ ሰዎችን በመኪናው ሲያሻግር ቆይቶ በሜይ 31 ቀን 1994 ተገደለ። በማርች 1997 ደግሞ ታጣቂዎች በሌሊት ኒያንጌ ወደሚባል ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎቹን “ሁቱና ቱትሲ ተለያዩ” ሲሏቸው፣ ልጆቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው አልተለያዩም፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። ይህ የሆነው ከእልቂቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ብቻ ነው፤ ገና የሀገር አንድነት መርሐ ግብር የሚባል ነገር ሥር ሳይሰድ ማለት ነው።

ስለ ውጭው ዓለም ረጅም አልናገርም። የሰላም አስከባሪው አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር በጃንዋሪ 1994 የተደበቀ መሣሪያ መኖሩን ኒው ዮርክ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት አሳውቀው እንዳይነኩት ተነገራቸው፤ ግድያው በተፋፋመበት በኤፕሪል 21 የጸጥታው ምክር ቤት ኃይሉን ወደ 270 ሰው ቀነሰ። ኢትዮጵያ ከእልቂቱ በኋላ በተጠናከረው ተልዕኮ ሻለቃ ጦር አሰልፋ ነበር፤ ከእነዚያ ወታደሮች መካከል ዛሬ በአዲስ አበባ ጡረታ ላይ ያሉ ይኖራሉ፣ ያዩትን የጠየቃቸው ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመው የታወቁ ሰዎች ቡድን በ2000 ባወጣው ሪፖርት እልቂቱ ሊገታ ይችል እንደነበር ደመደመ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድም የዘር ማጥፋት ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው አሰፈረ። የኅብረቱ አዲሱ ዋና ጽሕፈት ቤት የቆመው ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ምድር ላይ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን የተያዙ፣ በኋላም በደርግ ዘመን የታሰሩና የተረሸኑ ኢትዮጵያውያን ስፍራ ነው። የአፍሪካ መሪዎች የሩዋንዳን ሙታን የሚያስቡት፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እርሙን ባላወጣበት በዚያ ምድር ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። መታሰቢያ የሚደረገው በተረፈ ሰው ነው፤ ሙት ዓመት የሚያስበው ልጅ ወይም ወንድም ነው። በሩዋንዳ ግን አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ሁሉም አንድ ላይ የጠፉበት፣ አንድ ሰው እንኳ ያልቀረበት ቤት አለ። ከእልቂቱ የተረፉ ወጣቶች ማኅበራት በየኮረብታው እየዞሩ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ፣ “እዚህ ማን ይኖር ነበር?” እያሉ እንዲህ ያሉ ከ15,000 በላይ ቤተሰቦችን መዝግበዋል። በየዓመቱም የሚሰበሰቡት ዘመድ ስለሆኑ አይደለም፤ ለእነዚያ ሰዎች የሚቆም ዘመድ ስለሌለ ነው።

እነዚህ ወጣቶች ራሳቸው ወላጅ አልነበራቸውም። በ1996 በቡታሬ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው በቡድን በቡድን ተከፋፈሉና እያንዳንዱን ቡድን ቤተሰብ አሉት፤ ከመካከላቸው አባትና እናት መረጡ። አባት የተባለው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ሊሆነው ይችላል፣ ልጆቹም እኩዮቹ ናቸው። የታመመውን ያስታምማሉ፣ ያጣውን ያለው ያካፍለዋል፣ በመታሰቢያው ሳምንት የሚወድቀውን ያነሣሉ። ልማዱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ተዛመተ፤ የተመረቁትም ቤተሰባቸውን አልተዉም። ከመካከላቸው አንዷ ስታገባ ጥሎሽ የሚቀበል፣ ሽማግሌ ሲመጣ “ልጃችን ናት” ብሎ የሚመልስ ወገን ያስፈልጋታል፤ በወላጅ ወንበር የሚቀመጡት እነዚያ ተማሪ ሆነው የተመረጡት አባትና እናት ናቸው።